የአባዬ ቆዳ

አባዬ አፋቸውን ከፍተው ያሳዩኝ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ከቁንዝላ በጀልባ መጥተው፣ ባሕር ዳር በተከራየኋት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተቀምጠው፣ ሽሮውን አንዴ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«በርበሬው በዛብዎ?» አልኋቸው።

«የለም፣ አፌ ነው። ትንሽ ቆሳስሏል። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።»

በስልኬ መብራት አየኋቸው። ጉንጫቸው ከውስጥ በኩልና ላንቃቸው እዚህም እዚያም ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኗል፤ በጠርዙ ስስ ነጭ ሽፋን ተንጠልጥሏል። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይሁንና ከቤታችን ሳይንስ የተማርሁት እኔ ብቻ ስለሆንሁ የዘመዱ ሕመም ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔም መልስ አጥቼ አላውቅም። «ፈንገስ ነው» አልኋቸው። ከመድኃኒት ቤት የሚጉመጠመጡትና የሚቀቡት ነገር ገዝቼ በፌስታል ቋጠርሁላቸው። በማግስቱ በመጡበት ጀልባ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በደወልሁ ቁጥር «አፍዎ እንዴት ሆነ?» እላቸዋለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ድኛለሁ ማለት እንዳልሆነ የመሪጌታ ልጅ ላውቅ ይገባኝ ነበር።

አባዬ ከቁንዝላ ወጣ ብላ ሐይቁ ዳር ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህር ነበሩ። ከእንፍራንዝ ድረስ ተማሪ ይመጣላቸው ነበር። ተማሪዎቹ «የኔታ» ይሏቸዋል፤ እማዬ ደግሞ በሰው ፊት «መሪጌታ» ነው የምትላቸው። ከጧት እስከ ማታ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ያስተምራሉ። እኔ ሴት ነኝና ከዚያ ዋርካ ሥር አልተቀመጥሁም። ውኃ ቀድቼ ስመለስ ጀሪካኔን አጥሩ ጥግ አሳርፌ እሰማ ነበር። እማዬ «ምን ገትሮ አቆመሽ?» ስትለኝ «ደክሞኝ ነው» እላለሁ። አባዬ ክፉ አባት አልነበሩም፤ ተቆጥተውኝ እንኳ አያውቁም። ብቻ ለእኔ የሚተርፍ ጊዜ አልነበራቸውም። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ባሕር ዳር አክስቴ ዘንድ ሆኜ እንድማር ላኩኝ። ከዚያ ወዲህ አባቴን የማያቸው በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ እሱም እንግዳ በሞላበት ቤት ነበር።

ኅዳር ላይ እማዬ ደወለች።

«አባትሽ ቤተ ክርስቲያን መግባት ትተዋል» አለችኝ።

«ማን ከለከላቸው?»

«ማንም። ራሳቸው ናቸው። ገላቸው ውኃ እየቋጠረ ይፈርጣል። ደም የሚወጣው ሰው አይገባም ብለው ከቅጥሩ ውጪ ተቀምጠው ነው የሚያስቀድሱት። ሸሚዛቸው ከጀርባቸው እየተጣበቀ በለብታ ውኃ አርሼ ነው የማላቅቀው። ሰውም ማውራት ጀምሯል ልጄ።»

«ምን ብሎ?»

«እኔ አፌ አይጠራውም» አለች። ምን እንደሆነ ገባኝ። በእኛ አገር የሰው ገላ ሲቆስልና ሲላጥ መጀመሪያ የሚታሰበው ያው ሥጋ ደዌ ነው።

ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባዬ ሰጥቼ በሦስተኛው ቀን ሄድሁ። የደረስሁት እሑድ ጧት ነበር። አባዬ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ከግንቡ ሥር፣ ቁራጭ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ከውስጥ ማኅሌቱ ይሰማል፤ የሚመራው ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነው። አላፊው ሁሉ ከወትሮው ራቅ ብሎ እጅ እየነሳቸው ያልፋል። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። ቀና ብለው አዩኝና ከሰላምታው በፊት «ተሳሳተ» አሉኝ። «እዚያች ላይ ዝቅ ማለት ነበረበት።»

ድምፃቸው ተቀይሯል። የሚናገሩት ምላሳቸውን ሳያንቀሳቅሱ ነው።

ቤት ገብተን እማዬ ነጠላቸውን ገለጠችልኝ። ደረታቸውና ጀርባቸው የሰው ገላ አይመስልም ነበር። ያልፈረጠው ውኃ የቋጠረ ቆዳ እንደ ላላ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ የፈረጠው ቀይ ሆኖ ያዣል። አንሶላቸው ላይ የቆዳቸው ብጣሽ ተጣብቆ ቀርቷል። እኔ አላለቀስሁም፤ እማዬ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ነገ ባሕር ዳር እንሄዳለን» አልሁ።

«ተማሪዎቼስ?» አሉ አባዬ።

«ተማሪዎችዎ ይቆዩ።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን አዘዝኋቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉኝ።

ሆስፒታሉ የቆዳ ክፍል ያየቻቸው ወጣት ዶክተር ነች። ብዙ አልጠየቀችም። ከአንዱ ቁስል አጠገብ ያለውን ደህና ቆዳ በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ቆዳው እንደ በሰለ ቲማቲም ልጣጭ ተንሸራቶ ከሥጋው ተለየ። አባዬ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ።

«ከአፋቸው ነው የጀመረው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«መቼ?»

«ፍልሰታ ሊገባ ሲል።»

«ያኔ ሐኪም አይቷቸዋል?»

 «እኔ ነኝ ያየኋቸው» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና ካርዱ ላይ ጻፈች።

ከቆዳቸው ትንሽ ቁራጭ ወስዳ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላከች። ውጤቱ እስኪመጣ ዘመድ ሁሉ ምክር ይዞ መጣ። አንዱ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ይወሰዱ አለ፤ ሌላው ጠበል ይግቡ አለ። ዶክተሯ ስትሰማ «ጠበሉን ቀዝቅዞ ከተረጩት አልከለክልም፤ ፍል ውኃ ግን ያለውንም ቆዳ ይወስደዋል» አለች።

ውጤቱ የመጣ ቀን ከጠረጴዛዋ ማዶ አስቀምጣኝ ስሙን ነገረችኝ። ፔምፊገስ ይባላል። «የቆዳ ሕዋሶች እርስ በርስ የሚያያዙባቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ ዴስሞግሌን ይባላሉ፤ የሰውነታቸው መከላከያ...» ብላ ስትጀምር «አውቃለሁ» አልኋት። እውነትም አውቃለሁ። ለዘጠኝ ዓመት በየሴሚስተሩ አስተምሬዋለሁ። ሕዋስ ከሕዋስ የሚጨባበጥባቸውን ፕሮቲኖች ዝርዝር በቃሌ ነው የማውቀው፤ የትኛው ቆዳ ውስጥ እንዳለ፣ የትኛው አንጀት ውስጥ እንዳለ ለተማሪ ፈተና አውጥቻለሁ። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ከአፍ እንደሚጀምርም የመማሪያ ጽሑፌ ሦስተኛ ገጽ ላይ በራሴ እጅ ተጽፏል። የአባቴን አፍ በመብራት ባየሁ ጊዜ ግን አንዱም ትዝ አላለኝም።

አባዬ ሆስፒታል ተኝተው ሰንብተው ከወጡ በኋላ እኔ ዘንድ ተቀመጡ። እማዬ ቤቱንና ከብቱን ለማየት ተመለሰች። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት ትንንሽ ነጭ ፍሬ ነው፤ በቀን የሚወስዱት ብዙ ስለሆነ ጧት ጧት መዳፋቸው ላይ ስቆጥርላቸው «ቆሎ ነው የምታበይኝ» ይሉኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲስ ውኃ መቋጠሩ ቆመ። ከአራት ሳምንት በኋላ ጀርባቸው መሻር ጀመረ። ፊታቸው በመድኃኒቱ አበጠ፤ በመስታወት አይተውት «ይህ ደግሞ የማን ሰው ነው?» አሉ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ቆዩኝ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «ሕመሜን አስረጂኝ።»

«ቆዳዎ እንደ ጡብ ግንብ ነው እንበል...» ብዬ ጀመርሁ።

«ምሳሌውን ተዪውና ነገሩን ንገሪኝ» አሉኝ። «ተማሪ ምሳሌ ሲያበዛብኝ ነገሩን እንዳላጠናው ነው የማውቀው።»

ሳቅሁ። ከዚያ ነገሩን ነገርኋቸው። የሰው ገላ ከሕዋሶች እንደተሠራ፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ ገጽ ላይ ግማሻቸው ወደ ውጪ ግማሻቸው ወደ ውስጥ ሆነው የተተከሉ ፕሮቲኖች እንዳሉ፣ ከውጪ የጎረቤታቸውን እንደሚይዙ፣ ከውስጥ ደግሞ ለሕዋሱ መያዙን እንደሚነግሩት። በደማችን ውስጥ ተሕዋስያንን የሚዋጋ መከላከያ መኖሩን፤ በእሳቸው ላይ ግን ያ መከላከያ ተሳስቶ እነዚያኑ መያዣዎች እንደ ጠላት ማየቱን፤ መያዣዎቹም ሲለቁ ቆዳው መለያየቱን።

 «ስለዚህ ከውጪ የመጣብኝ የለም።»

«የለም፣ አባዬ። ለሰውም አይተላለፍም።»

«ይህንን ለእናትሽ ንገሪያት። ይተላለፋል ብላ ሳይሆን፣ ለሰው የምትመልሰው እንዲኖራት።» ከዚያ «ያልተያዘው ሕዋስስ ምን ይሆናል?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም። ብዙ ዓይነት ሕዋስ ከያዘው ሲለይ ራሱን እንደሚያጠፋ ነገርኋቸው። ካንሰር የሚባለው መያዣውን ፈትቶም መኖር የቻለው እንደሆነ፣ ከተነሣበት ተላቅቆ በደም ሄዶ ሌላ ቦታ የሚተከለውም ስለዚህ እንደሆነ ነገርኋቸው። እሾህ ሲወጋን ነጩ የደም ሕዋስ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚይዘው በእንዲህ ያለው መያዣ እንደሆነ፣ ያን መያዣ ሳይዙ የሚወለዱ ሕፃናት እንዳሉ፣ እትብታቸው በጊዜው እንደማይወድቅ፣ ቁስላቸው መግል እንደማይዝ፣ አብዛኞቹም እንደማያድጉ ነገርኋቸው።

«እትብቷ አልወድቅ ያለ ሕፃን አውቃለሁ» አሉ አባዬ። «ከእኛው መንደር። እናቲቱ የሰው ዓይን ነው እያለች ስታለቅስ ሞተችባት። ይህን የሚነግራት አልነበረም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በረንዳው ላይ ይጠብቁኝ ነበር። እኔም ሥራ ቦታ የሚያቆየኝን ነገር ሁሉ እየጣልሁ እሮጣለሁ። የማውቀውን ያህል አልናገርም፤ የጠየቁኝን ያህል ግን እመልሳለሁ። አንዳንዱን ጥያቄ መልሱን ስለማላውቀው «ነገ» እላቸውና ሌሊቱን አንብቤ አድራለሁ። በአርባ አንድ ዓመቴ አባቴ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጥሁ።

ጥር ውስጥ አፋቸው ሻረ። ቅዳሜ ነበር፤ እኔ ጓሮ ልብስ አሰጣለሁ። ከውስጥ ዜማ ሰማሁ። መጀመሪያ ከሬዲዮ መሰለኝ። ልብሱን እንደያዝሁ መስኮቱ ሥር ቆምሁ።

«ግቢ እንጂ» አሉኝ ከውስጥ። «ውጪ ምን አቆመሽ?»

ገባሁ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ዜማ ትወጃለሽ?»

«ድሮም እወድ ነበር።»

«አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቁኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አንዲት መስመር ብለው «በዪ» አሉኝ። አልሁ። «አይደለም፤ ከጉሮሮሽ አታውጪው፤ ደግመሽ በዪ።» ደግሜ አልሁ። ያን ቀን ልብሱ ሳይሰጣ ቀረ። በየቀኑ ከጥያቄው በኋላ አንዲት መስመር ያስተምሩኝ ነበር። ድምፄ ጥሩ አይደለም፤ እሳቸውም ጥሩ ነው ብለው አልዋሹኝም።

የካቲት ላይ ዶክተሯ አገላብጣ አይታ «ወደ ቤታቸው መሄድ ይችላሉ» አለች። «መድኃኒቱን ግን በአንድ ጊዜ እንዳያቋርጡ። ካቋረጡ በሽታው ይመለሳል፤ ሰውነታቸውም መድኃኒቱን ስለለመደ ይወድቃሉ። ቀስ እያልሁ የምቀንሰው እኔ ነኝ።» የሦስት ወር ጻፈችልኝ። ከመድኃኒት ቤቱ የሦስት ወሩን ተቀብዬ ወጣሁ።

አሁን የምጽፈውን እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም።

ቤት ስገባ አባዬ አጎዛቸውን ጠቅልለው፣ መቋሚያቸውን ከበሩ አስደግፈው ጨርሰዋል። ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር። ተማሪዎቻቸው፣ ማኅሌታቸው፣ ዋርካቸው ይጠብቃቸዋል። ሦስት ወር ብዬ አሰብሁ። ከሦስት ወር በኋላ መምጣታቸውን ደግሞ ማን ያውቃል፤ መድኃኒቱን ሰው ልከው ሊያስወስዱ ይችላሉ። ጓዳ ገብቼ የአንዱን ወር ለየሁ፤ የቀረውን ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር ከተትሁት።

«የአንድ ወር ብቻ ነው የሚሰጡት» አልኋቸው። «በየወሩ መምጣት አለብዎ።»

«በየወሩ?»

«ሐኪሟ ናት ያለችው።»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እመጣለሁ» አሉ።

መጡም። በወሩ መጨረሻ በጀልባ ደረሱ። ዐቢይ ጾም ነበር፤ የነፍስ አባታቸው ስለ ሕመማቸው ፈቅደውላቸው ጧት ቀምሰው መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። ሦስት ቀን ሰነበቱ። በረንዳው ላይ ተቀመጥን፤ መስመሬን ጠየቁኝ፤ ረስቼ ስለነበር ተቆጡኝ። ቁጣቸው እንኳ ደስ አለኝ። ሲሄዱ ከቁም ሣጥኑ የሁለተኛውን ወር አውጥቼ ሰጠኋቸው። የሦስተኛው እዚያው ቀረ።

እሳቸው ከተመለሱ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ጸጥታው ደፍርሶ መንገድ ተዘጋ። ጀልባውም ቆመ፤ ኔትወርክም ጠፋ። በእኛ አካባቢ እንዲህ ሲሆን አዲስ ነገር አይደለም፤ ሁለት ሦስት ቀን ይሆናል፣ ይከፈታል እንላለን። አንድ ሳምንት ሆነ። ሁለት ሆነ። መድኃኒቱ የሚያልቅበትን ቀን አውቀው ነበር። በየጧቱ ወደብ እየሄድሁ «ቁንዝላ የሚሄድ አለ?» እላለሁ፤ የለም ይሉኛል። መድኃኒቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ስለምዞር ክፍል ውስጥ ሳስተምር እንኳ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አላወርድም ነበር። ያለቀበት ቀን ደረሰ። ቀኑ አለፈ። ከዚያም ሌላ ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ።

ከእማዬ የተላከች ብጣሽ ወረቀት ያመጣልኝ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ በእግርም በመኪናም እየተቆራረጠ ነው የደረሰው። ወረቀቷን ለእማዬ የጻፈላት አንድ ዲያቆን መሆን አለበት፤ ጽሑፉ ያምራል። «አባትሽ ተመልሶባቸዋል፤ መነሣትም አቅቷቸዋል» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

በማግስቱ አንድ አሣ አስጋሪ በሞተር ጀልባው ሊወስደኝ እሺ አለ። ስደርስ አባዬን እማዬ በዘይት የራሰ የጥጥ ጨርቅ ላይ አስተኝታቸዋለች። ከዚህ በፊት ያየሁት ምንም አልነበረም። ደረታቸው፣ ጭናቸው፣ አናታቸው፣ የዓይናቸው ቆብ ሳይቀር ተልጧል። ገላቸው ይፈጃል። ክፍሉ ይሸታል። ያወቁኝ በድምፄ ነው።

«መንገድ ተከፈተ?» አሉኝ።

«ተከፈተ» አልኋቸው። አልተከፈተም ነበር።

በዚያው ጀልባ፣ በአንሶላ ጠቅልለን፣ እኔና እማዬ በግራና በቀኝ ይዘናቸው ባሕር ዳር ገባን። ማዕበል ጀልባውን ባነሣው ቁጥር እጃችን ገላቸውን እንዳይነካ ስንጠነቀቅ፣ እንዳይወድቁ ደግሞ ስንይዛቸው፣ የት እንደምንይዛቸው ጠፋን።

ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኙ። መድኃኒቱ በደም ሥር ተጀመረ፤ ቁስሉ ግን ተመርዞ ወደ ደማቸው ገብቶ ነበር። ዶክተሯ ኮሪደሩ ላይ አግኝታኝ «ለምን አቋረጡ? የሦስት ወር ጽፌ ነበር እኮ» አለችኝ። ፊቷን ማየት አቃተኝ። «መንገድ ተዘግቶ» አልኋት። ሦስት ወሩና የተዘጋው መንገድ እንደማይገናኙ ሳይገባት የቀረ አይመስለኝም።

ፋሲካ ያለፈው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ከፋሲካው በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ እማዬ ልብስ ልታጥብ ወጥታ ሳለ፣ ትኩሳታቸው ትንሽ በረድ አለና ውኃ ጠየቁኝ። በጥጥ እየነከርሁ ከንፈራቸውን አራስሁላቸው።

«አባዬ፣ የምነግርዎ ነገር አለኝ።»

«ንገሪኝ።»

«መድኃኒቱ የሦስት ወር ነበር የተሰጠኝ። የአንድ ወር ነው ያልሁዎት ውሸት ነው። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

ዓይናቸውን በግድ ገለጡ። «ለምን?»

«እንዲመጡልኝ።»

 ከመስኮቱ ውጪ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል፤ አጠገባችን ያለው ሕመምተኛ ያስላል። ያልሰሙኝ መሰለኝ፤ ደግሜ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አልቻልሁም።

«ብትጠሪኝ እመጣ ነበር እኮ» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። ነገሩ ገርሟቸው ነው የተናገሩት፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር እንዴት እንዳላወቅሁ ገርሟቸው። እጃቸውን ልይዝ ፈለግሁ፤ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የሚያዝበት አልነበረውም። የአልጋውን ብረት ይዤ አለቀስሁ። እሳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አላነሡትም፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ ዐረፉ።

አስከሬናቸውን በጀልባ ወሰድነው። ተማሪዎቻቸው ሐይቁ ዳር ቆመው ተቀበሉን። በዚያ ወቅት የሙታን ጸሎት እንኳ በትንሣኤ ዜማ ነውና የሐዘን ዜማ አልተሰማም። የኔታቸው ያስተማሯቸውን ሁሉ አንድም ሳይሳሳቱ ዘመሩት። ሴቶቹ ዳር ቆመን ሰማን።

የአርባቸው ዕለት ሰው ከተበተነ በኋላ እማዬ ልብሳቸውን እያጣጠፈች ነበር። ቀና ሳትል «እዚያ ሐኪም ቤት የሦስት ወር አይሰጡም እንዴ?» አለችኝ። «የጎረቤታችን የደም ግፊት የሦስት ወር ነው የሚሰጧት።»

ነገርኋት። ሁሉንም። ለአባዬ መንገሬንም ነገርኋት።

የያዘችውን ሸሚዝ አስቀምጣ ወጣች። ለዶሮዎቹ ጥሬ ስትበትን በበሩ በኩል አያት ነበር፤ በትና ከጨረሰች በኋላም ባዶውን ቁና ይዛ ቆማ ቀረች። ተመልሳ ገብታ ሸሚዙን አጣጥፋ ጨረሰች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል በምላጭ እየከፈሉ ግማሽ ግማሽ መዋጥ ጀመሩ። ኋላ ሩብ ሩብ። ሰው ልላክ ስላቸው እምቢ አሉኝ። ልጄ ከሰማች ትመጣለች፣ ጊዜው ክፉ ነው፣ ልጄን መንገድ ላይ አታውጪብኝ አሉኝ። ራሳቸውን ሲስቱ ነው ሰው የላክሁ። እኔም ቆይቻለሁ።»

ከዚህ በቀር አላለችም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። በሚቀጥለው ቀን ስሄድ እስከ ወደቡ ሸኘችኝ፤ መንገዱን ሁሉ ስለ በቆሎው ነበር ያወራነው።

የቀረውን የአንድ ወር መድኃኒት ለዶክተሯ ወስጄ ሰጠሁ። በዚህ ዓመት ስለ ሕዋስ መያያዝ የማስተምረውን ምዕራፍ ለባልደረባዬ ለቅቄለታለሁ፤ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። አባዬ ካስተማሩኝ መስመሮች አራቱን አውቃቸዋለሁ፤ አምስተኛው መሐሉ ጠፍቶብኛል። ተማሪዎቻቸው ያውቁት ይሆናል፤ ሄጄ ግን አልጠየቅሁም።

እማዬ ከእኔ ጋር እንድትኖር ለምኛት አልመጣችም። በየሳምንቱ እንደዋወላለን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ እናወራለን። ባለፈው ጥቅምት ግን በሥራ ሰዓት ደወለችልኝ።

«አሞኛል» አለችኝ። «ነይ።»

በዚያው ቀን ተነሣሁ። ስደርስ ጋቢ ተከናንባ ምድጃው አጠገብ ተኝታለች። አፏን አስከፍቼ አየሁ፤ ጀርባዋን ገልጬ አየሁ፤ ክንዷን በጣቴ ገፋ አድርጌ አየሁ። ዝም ብላ አሳየችኝ። ጉንፋን ነበር። አጥሚት ሠራሁላት፤ ሦስት ቀን ሰነበትሁ።